በባትሪ ድንጋይ የተፈረደበት

የሰደበኝ ጓድ ተክሌ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የየካ ሚካኤል ታቦት በገባ ማግስት። ሰዓቱ ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ፤ ቦታው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የቀበሌያችን መሰብሰቢያ አዳራሽ። ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያለው፦ «እንኳን ስለ ኤሌክትሪክ ሊመሰክር፣ ይኼ ንፍጣም የገዛ አፍንጫውን መጥረግ አልቻለም።» ሁለት መቶ ሰው ሳቀ። ከሳቁት አሥራ አንዱን በስም አውቃቸዋለሁ። ሰባቱ ሞተዋል። አራቱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት ዋልክ ቀጀላ» ይሉኛል። እኔም «ደህና» እላለሁ። ምን ልበል?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አፍንጫዬ እርግጥ ይፈስ ነበር፤ በጥር ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ አፍንጫው የማይፈስ የማን ልጅ አለ? የእሱ አይፈስም ነበር እንዴ? ዛሬ መገናኛ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቄ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ አውጥቼ አዲስ እጠቀልላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ተማርኩ የሚል ሰው ሲያዘኝ ደሜ ለምን እንደሚፈላ ሚስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ መልስ አልሰጠኋትም። ይኸው ጻፍኩት፤ ታንብበው።

አባቴ በዳዳ ይባል ነበር። የተወለደው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። በልጅነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ባሕር ዛፍ በመጋዝ ሲሰነጥቅ ኖሮ፣ ከተማ ወርዶ ከአንድ አርመን መካኒክ ዘንድ ገባ፤ ዕቃ ሲያቀብል፣ ሲያይ፣ ሲሞክር ሞተር ለመደ። መጻፍ አይችልም። አማርኛውም ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል። ሞተር ላይ ግን ጆሮውን ጣል ያደርግና «ይቺ ኩሽኔታዋ አልቋል» ይላል። ሲከፈት ዘንጓ የሚሽከረከርበት ያ ብረት እውነትም አልቋል። ይኼን ትምህርት ቤት አያስተምሩም።

ይሠራ የነበረው በርበሬና ሽሮ በምትፈጭ ትንሽ ወፍጮ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ነጋዴ ነበረች፤ ተወርሳ የቀበሌው ሆነች። ነጋዴው ሄደ፣ አባቴ ከወፍጮዋ ጋር ቀረ። ሞተሯ ጎን ላይ የቲማቲም ጣሳ የምታህል፣ ሽቦ የሚያያዝባቸው ሁለት ጆሮዎች ያሏት ክብ ነገር ታስራለች። አባቴ «ኮንደንሰር» ይላታል። አሁን ያሉት ልጆች ካፓሲተር ይሏታል። እኔ ውስጧ ዘይት ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ጥር መጀመሪያ ኮንደንሰሯ ሞተች። ሞተሩ ሲበራ «ኡምምም» ብሎ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። አባቴ ዘዴ ነበረው፤ ቺንጋውን፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ በአንድ እጁ ይዞ ጎተት ያደርገውና በዚያው ቅጽበት በሌላው ማብሪያውን ይጫናል። አንዴ ከዞረ በኋላ ራሱ ይቀጥላል። ያን ሲያደርግ ሳይ አባቴ በጉልበቱ መብራት የሚያስነሳ ይመስለኝ ነበር። ለሁሉም ግን አስጠንቅቋል፤ «እኔ ከሌለሁ ማንም እንዳያበራት። ሳትዞር ካጉረመረመች ውስጧ ይነዳል።»

ረቡዕ ዕለት ከቀበሌው ሊቀ መንበር ደብዳቤ ተቀብሎ አዲስ ኮንደንሰር ሊያመጣ ፒያሳ ወረደ። ከተራ ነገ ነው። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሴቶች ሰልፍ እስከ መንገዱ ደርሷል። እናቴ ፀዳለ አንድ ቁና በርበሬ አሸክማ ልካኝ ከጎረቤታችን ከእትዬ አባይነሽ ኋላ ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል ጓድ ተክሌ መጣ።

ጓድ ተክሌ የቀበሌው የልማት ኃላፊ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ካኪ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል። የሙያ ትምህርት ቤት ስድስት ወር ተምሯል ስለሚባል፣ ሬዲዮ ሲበላሽ እሱ ነው የሚጠራው። እኔ በጣም እወደው ነበር። ልደብቀው አልችልም። ሳድግ ሁለት እስክሪብቶ ልሰካ ወስኜ ነበር።

«ይኼ ሁሉ ሕዝብ ምን ይሠራል?» አለ።

«ሞተሯ ታማለች። በዳዳ ዕቃዋን ሊያመጣ ሄዷል» አሉት እትዬ አባይነሽ።

«ሕዝቡ ለበዓል በርበሬ አጥቶ እሱ ፒያሳ ለፒያሳ ይዞራል?»

«ኧረ ጓድ ተክሌ፣ ማንም እንዳያበራት ብሏል።»

«እርስዎ ደግሞ መቼ ነው መሐንዲስ የሆኑት?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ገባና ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ አጉረመረመ። ጓድ ተክሌ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠበቀ። «ብርድ ይዞት ነው» አለ፤ «የናፍጣ መኪናም ጧት ጧት እንዲህ ያደርጋል። ይሙቅ ተዉት።» ቆየ። ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ተቀየረ። ከዚያ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ መጣ፤ ቀጭን ጭስም ከሞተሩ ሆድ ወጣ። ያን ጊዜ አጠፋው።

«በርበሬ ነው ያረረው» አለ።

እኔም አመንኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሚያስለቅስ ሌላ ምን አለ? ወፍጮዋ አንድ ዛላ እንዳልነካች፣ ቁና በርበሬዬም ገና እጄ ላይ እንዳለ አላሰብኩም። ዛሬ ያን ሽታ ከሦስተኛው ቤት አውቀዋለሁ። የሽቦ ቅባት ሲነድ የሚሸተው ነው፤ እንጀራዬ ነው። ያን ቀን ጓድ ተክሌ የሞተሩን ማስነሻ ጥቅል ሽቦ አነደደው። እሱም ያወቀ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ወጥቶ ከመሄዱ በፊት ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ «ሞተሩን ማንም አልነካውም፤ ተግባባን?» አለ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ ደግሞ ሚስጥር ያካፈለኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደደብ ነበርኩ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ አዲሷን ኮንደንሰር በጋዜጣ ጠቅልሎ። ወፍጮ ቤት ከመግጠሙ በፊት ቤት ሊሞክራት ፈለገ፤ ፒያሳ የሸጠለትን ሰው አላመነውም። ቤታችን አንድ ክፍል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬት ነበራት። እናቴ ደጅ ልብስ ታጥባለች። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠና አምፖል የተሰካበትን ሽቦ አንዱን እግር ቆርጦ ኮንደንሰሯን መሃል አስገባት። ሶኬት ላይ ሲሰካው አምፖሉ በራ።

«ውስጧ ሽቦ አለ?» አልኩት።

«የለም። ሁለት ስስ ብረት ነው ያለው፣ መሃላቸው ወረቀት። አይነካኩም።»

«ታዲያ መብራቱ በምን አለፈ?»

«አላለፈም።»

«በርቷል እኮ አባዬ!»

ሳቀ። ጥርሱ ሲታይ ትዝ ይለኛል። «አየህ» አለ፤ «የግድግዳው መብራት ወንዝ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይፈስም። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ዓይንህን ሳትከድን ስንት ጊዜ! ሲመጣ ይቺን ይሞላታል፣ ሲመለስ ያጎድላታል። እዚያ መሙላትና ማጉደሉ ላይ ነው አምፖሉ የሚበራው። የእጅ ባትሪ ድንጋይ ግን መሄድ እንጂ መመለስ አያውቅም። አንዴ ይሞላታል፣ አለቀ። በድንጋይ ብትሞክራት አምፖሉ አይበራም፤ እሷ ደህና ሆና ነው ደግሞ።»

«ለሞተሩስ ምን ታደርግለታለች?»

«ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። እኔና ወንድሜ በሁለት ሰው መጋዝ ግንድ ስንቆርጥ፣ ሁለታችንም እኩል ወደየራሳችን ከሳብን መጋዙ ይቆማል፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም። አንዱ ሲቀድም፣ ሌላው ሲከተል ነው የሚቆርጠው። ይቺ አንደኛውን ሽቦ ታስቀድመዋለች። እሷ ከሌለች ሁለቱም እኩል ይስባሉ።»

ከነገረኝ ሩቡ ነው የገባኝ። ነገር ግን ሰው ሁሉ መሃይም የሚለው አባቴ ይኼን ያህል ሲናገር ደስ ብሎኛል። ቀኑ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይኼን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አምፖሉን ፈታ። ከዚያ የኮንደንሰሯን ሁለት ሽቦ በቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ለቅጽበት አስነክቶ መዘዘውና በርጩማው ላይ አስቀመጣት። ካቻቢቴ ሊያነሳ ከበስተኋላዬ ወዳለው ሣጥን ዞረ። «እንዳትነካት» ብሎኛል አሉ፤ እናቴ በመስኮቱ ሰምታለች። እኔ አልሰማሁም። ጣሳዋን አነሳሁ፤ ሁለቱን ጆሮዎቿን በአንድ እጄ።

ጧ! ጉንጬ ላይ ጥፊ አረፈብኝ። ዓይኔ ተብለጨለጨ፣ ጭንቅላቴ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ፤ መሬት ላይ ተዘርግቼ ስነቃ የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቴ በአረፋ እጇ ሮጣ ገባች።

«ምን አደረግከው?»

«አልነካሁትም። ኮንደንሰሯ ነዘረችው።»

ነዘረችው! ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚነዝር አውቃለሁ። ከዓመት በፊት የተላጠ ሽቦ ይዞኛል። ያንዘፈዝፋል፣ ያጣብቃል፣ አይለቅም። ይኼ ግን አንድ ምት ነው፤ መታኝ፣ ሄደ። ደግሞም ጣሳዋ ሶኬት ላይ አልነበረችም። ከሽቦ የተነቀለች ጣሳ ሰው አትመታም። ከኋላዬ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ጉንጬ ይነዳል። እጁ እላዬ ላይ ነው። ከዚያም ደህና መሆኔን ሲያይ፣ ደንግጦ የነበረው ሰውዬ በረጅሙ ተንፍሶ ሳቀ። «በል እንግዲህ፣ ኮንደንሰሯ ደህና ናት» አለ።

ያ ሳቅ ገደለኝ። መትቶ ቢያንገላታኝ ይሻል ነበር። መታኝ፣ ዋሸ፣ ሳቀብኝ፤ እንዲህ ነበር የቆጠርኩት። ለሁለት ቀን አላናገርኩትም። እሱ ከጥምቀት ሲመለስ ሸንኮራ ገዝቶልኝ መጣ። ለእህቴ ሰጠኋት።

ሐሙስ ጧት አዲሷን ኮንደንሰር ገጠመ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አልዞረም። ከፍቶ አሸተተውና ወጥቶ «ማነው ያበራው?» አለ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ቁናቸውን እያነሱ ተበተኑ። ለሊቀ መንበሩ «ኮንደንሰሯ ደህና ናት፤ ማስነሻ ሽቦው ነዷል። ሰው አብርቶታል» ብሎ ነገረው። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተክሌን ጠራና አጣራ አለው። ለማን ሰጠ እንግዲህ? ላነደደው ሰው።

እሑድ ጧት፣ ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ተሰብሰቡ ተባለ። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አያገኝም። በአዳራሹ መሃል ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ሊቀ መንበሩ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። ጓድ ተክሌ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ከሞተሩ የተፈታችው ኮንደንሰር፣ ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖል አሉ። አባቴ ቆብ አውልቆ ፊት ለፊት ቆሟል።

ጓድ ተክሌ ድንጋዮቹን አያይዞ አምፖሏን ነካ። በራች። ሰዉ «እህ» አለ።

«አሁን ደግሞ» አለ፤ «ጓድ በዳዳ አዲስ ገዛሁ ብሎ ለሕዝብ ወፍጮ የገጠመውን ዕቃ መሃል እናስገባለን።» አስገባ። አምፖሏ ጨለመች። አወጣ፤ በራች። አስገባ፤ ጨለመች። አምስት ጊዜ ደጋገመው። ልጅ እንኳ ይገባዋል፤ ለእኔም ገባኝ። «ሙት ነው!» አለ። «አዲሱን ሸጦ፣ ሙት ገጥሞ፣ ከዚያ ሰው ሞተሩን አነደደው ብሎ በሰፊው ሕዝብ ላይ ያላክካል። ይኼ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!»

ተጨበጨበ። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል አላውቅም ነበር። ትልልቆቹ ያውቁ ነበር። ከዓመት በፊት በዚያው አዳራሽ በዚያው ቃል የተጠራ ሰው ቤቱ አልተመለሰም። እናቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ጓድ ተክሌ፣ ይስሙኝ» አለ አባቴ። ተክሌ በሃያ ዓመት የሚበልጠውን አባቴን አንተ ይለዋል፤ አባቴ እሱን እርስዎ ይለዋል። «በድንጋይ አትበራም። ድንጋይ አይመላለስም። የግድግዳው መብራት ግን ይመላለሳል፤ በእሱ ነው የምትሞከረው።»

«መብራት ይመላለሳል? እንደ አንበሳ አውቶቡስ ነው?» አለ ጓድ ተክሌ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ከኋላ «ትኬቱ ስንት ነው?» አለ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ግድግዳውን አሳየ። «ሶኬቱ ይኸው ነው። የቤት አምፖል ስጡኝና ፊታችሁ ላስገባት። ካልበራ እሰሩኝ።»

ሊቀ መንበሩ ሶኬቱን አየ። እምልላችኋለሁ፣ ሊፈቅድ ነበር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ጓድ ተክሌ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ አሻጥረኛ እጅ ላይ መብራት እንስጥ? አዳራሹን ከነሕዝቡ ሊያነደው ነው» አለ። ሊቀ መንበሩ ተመልሶ ካፖርቱ ውስጥ ገባ።

«ሽቦውን ያነደደው ሰው አለ» አለ አባቴ። «ረቡዕ ሴቶቹ ሰልፍ ላይ ነበሩ። እትዬ አባይነሽ?»

እትዬ አባይነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ከአሥራ አንዱ ውስጥ አልቆጠርኳቸውም፤ አልሳቁም። ግን አልተናገሩም። እኔም እኮ ነበርኩ፤ እኔም አየሁ። ሚስጥሬ መስሎኝ ዝም አልኩ።

አባቴ ዞር ዞር ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ፊቱ በራ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ልጄ ያውቃል» አለ። «ቤት ስሞክራት አይቷል። ደህና መሆኗን በገላው አይቷል። ቀጀላ፣ ና እስቲ።»

ያን ጊዜ ነው ጓድ ተክሌ ያን ቃል የተናገረው። ሰዉ ሳቀ። ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካው ሰውዬ፣ ልሆን የምፈልገው ሰውዬ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት ንፍጣም አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ሊቀ መንበሩ «ይናገር፤ ሕፃን አይዋሽም» አለ። እናቴ ወደ ፊት ገፋችኝ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። ጠረጴዛው እስከ አገጬ ነበር።

«ንገራቸው» አለ አባቴ በለሆሳስ። «ረቡዕ ጣሳዋን ስታነሳ ምን ሆንክ?»

እንደማልዋሽ ላሳያቸው ፈለግሁ። ማንም የማይስቅበት ሰው መሆን ፈለግሁ። «አባዬ በጥፊ መታኝ» አልኩ።

«ነዝሮት ነው!» ብላ እናቴ ጮኸች። «እጁን አላነሳበትም፤ ኮንደንሰሯ ናት የነዘረችው!»

«ሶኬት ላይ አልነበረችም» አልኩ። «ተነቅላ ነበር።»

«ከሽቦ የተነቀለ ጣሳ ሰው ይነዝራል እንዴ?» አለ አንዱ፣ እንደገናም ሳቅ ሆነ። ጓድ ተክሌ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። አሁን ንፍጣም አይደለሁም፤ አሁን ምስክር ነኝ። «ጓዶች፣ ሰማችሁ? የገዛ ልጁ ነው የሚናገረው። ሙት ዕቃ መሆኑን ሲያይበት አፉን ሊያዘጋው ደበደበው!»

እንዲህ አላልኩም። እንዲህ ግን ተመዘገበ። አባቴ አላየኝም፤ ያችን ጣሳ ነበር የሚያየው። ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጠባቂዎች መሃል አድርገውት ሲወጣ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ ረሳው።

ስምንት ወር ታሰረ። አልገደሉትም፤ ይኼን እንደ ውለታ የሚነግሩኝ ሰዎች አሉ። ሲወጣ ሞተር እንዳይነካ ተከለከለ፤ ወደ መጋዙ ተመለሰ፣ በዚያ ዕድሜው። በ1977 ዓ.ም. በሳንባ ሞተ። ከአምስት ዓመት በላይ አንድ ጣራ ሥር ስንኖር ስለዚያ ጥፊ አላነሳብኝም፤ እኔም አላነሳሁም። ይቅር እንዳልኩት ነበር የማስበው። እኔ! ይቅር!

በ1980 ሐምሌ፣ ሞተር የሚጠቀለልበት ቤት ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ ከውኃ ፓምፕ ላይ የፈታሁትን ካፓሲተር በአንድ እጄ ሁለቱን ጆሮ ይዤ አነሳሁ። ፓምፑ ከመብራት ከተነቀለ ቆይቷል። ጧ! ክንዴ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ተስፈንጥሮ መጣና የገዛ መዳፌ የገዛ ጉንጬን መታኝ። እዚያው ቦታ። ተመሳሳዩ ምት፤ አንድ ጊዜ፣ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ቁጭ አልኩ። የሚመላለሰው መብራት በመሄድ ላይ ሳለ ሽቦው ከተመዘዘ፣ የሞላው ነገር መመለሻ አጥቶ ውስጧ እንደሚቀር፣ እስኪነኳትም እንደምትጠብቅ አሠሪዬ ሲነግረኝ አልሰማሁትም። ክንዴ ቀድሞ የነገረኝን ነው የደገመልኝ። ለዚህ ነበር አባቴ ካቻቢቴ ሊያነሳ የዞረው፤ በብረት ሊያጎድላት። ደህና ጣሳ ብቻ ነው እንዲህ የሚመታ፤ ሙት ጣሳ አይመታም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አባቴን ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ የነበረው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማስረጃው ጉንጬ ላይ ነበር።

ሰው «ልጅ ነበርክ» ይለኛል። ይኼ ቃል ያናድደኛል። ጓድ ተክሌ ልጅ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ልጅ አልነበረም። ያጨበጨበው ሁሉ ልጅ አልነበረም። ሶኬቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ፣ «አንድ አምፖል ስጡት» ቢል ምን ይቸግረው ነበር? ተክሌ ዛሬም አለ። መሪ ሠፈር በኩል ነው የሚኖረው፤ ጡረታ ወጥቶ ከዘራ ይይዛል። አምና የልጅ ልጁን የውኃ ፓምፕ አሸክሞ ሱቄ ድረስ ልኮ፣ «አያቴ ካፓሲተሩ ሞቷል ብሏል፤ በድንጋይ ሞክሮታል» አስባለ። ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ፣ አሁንም በድንጋይ! ካፓሲተሩ ደህና ነበር። ኩሽኔታውን ቀየርኩለትና ላክሁለት። ልጁ ምን አደረገ? አባቴን ያሰረው እሱ አይደለም።

ግን ይኼን ሁሉ የምቆጣው በተክሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ባለው ሐሙስ እናቴ ምሳ አስይዛ ላከችኝ። እስር ቤቱ የተወረሰ ቪላ የዕቃ ቤት ነበር፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ አንድ ቦታ ላይ በሽቦ ወንፊት የተዘጋ መስኮት አለው። እዚያ ነው የሚያገናኙት። አባቴ መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ግማሹ ሽበት መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ምግቡን ጠባቂው ወስዶ ፈተሸ። አባቴ ምግቡን አላየውም። ጣቶቹን ወንፊቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እህትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እናትህስ?»

«ደህና ናት።»

«ኢልመ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ ኦሮምኛውን ለእኔ የሚያወጣው ስታመምበት ብቻ ነበር። «እነሱ ያሉትን ይበሉ። ስለነሱ አይደለም የምጠይቅህ። አዳራሹም፣ ወፍጮውም ይቅር። እኔ አንተን በጥፊ የምመታ ሰው ነኝ?»

ጠባቂው «በል በዳዳ፣ ሰዓት አልቋል» አለ።

«አንዴ፣ ጌታዬ። አንዴ ይመልስልኝ።» ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። «ራስህን ነቅንቅ፤ ይበቃኛል። መትቼሃለሁ?»

አሁንም ይዋሻል፣ እስር ቤት ሆኖ እንኳ ይዋሻል፤ እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ባዶውን ሳህን ከጠባቂው እጅ ተቀበልኩ። ጀርባዬን ሰጠሁትና በቆርቆሮው አጥር ጥግ ጥግ ወደ በሩ ተራመድኩ። ስሜን ጠራኝ። ሰምቻለሁ። ቁልቁለቱን ወረድኩ።